እጩ መምህራንና መርጃ መሣሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኮሌጅ አሠልጣኞች፣ እጩ መምህራንና የልምምድ ትምህርት ቤት መምህራን ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

መርጃ መሣሪያ ሲባል ቻርት ማለት ነው?

ቻርት አንዱ ነው እንጂ ብቻውን አይደለም። ልጁ እያየው፣ እየዳሰሰው ወይም እያንቀሳቀሰው ትምህርቱ የሚገባው ማንኛውም ነገር መርጃ መሣሪያ ነው። አንድ እፍኝ ባቄላ ሊሆን ይችላል። ከግቢ የተቀጠፈ ቅጠልም፣ እናት ገበያ ይዛው የምትሄደው ዘንቢልም ሊሆን ይችላል።

በኮሌጆቻችን ግን ቃሉ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ፊታችን ድቅን የሚለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በቀለም ያበደ ነገር ነው። የሚሰቀል ነገር ጥቅም አለው። የፊደል ገበታ ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ ቢውል ደግ ነው። ልጅ የማይነካው ነገር ግን ከሳምንት በኋላ ከግድግዳው ጋር አንድ ይሆናል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ስዕል አልችልም፤ የእጅ ጽሑፌም አያምርም። ያዛልቀኛል?

ያዛልቃል። እስካሁን ካየኋቸው መርጃ መሣሪያዎች ልጆችን በደንብ ያስተማሩት አብዛኞቹ ስዕል የሌለባቸው ናቸው። ቆርኪ፣ ስንጥር፣ ገመድ፣ ጠጠር። ስዕል የግድ ካስፈለገ ከመማሪያ መጽሐፉ ላይ በስስ ወረቀት ቅዱት፣ ወይም እጁ የሚታዘዝለት ጓደኛ ይሣልላችሁና እናንተ ደግሞ በሌላ ነገር እርዱት። ከባዱ ሥራ ልጁ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ማወቅ ነው። ለዚያ የሠዓሊ እጅ አያስፈልግም።

በጀት የለንም። ከምን እንሥራ?

የገጠር ትምህርት ቤት ገብታችሁ ታውቁ ከሆነ ጎኑ ተቆርጦ በተዘረጋ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተሣለ ካርታ ወይም የሰውነት ክፍል ሳታዩ አልቀራችሁም። የቆየ ብልሃት ነው። ማዳበሪያ በቀላሉ አይቀደድም፣ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ዝናብ ቢነካው አይበሰብስም። ካርቶን ከሱቅ በነጻ ወይም በጥቂት ሳንቲም ይገኛል። ቆርኪ ከየምግብ ቤቱ ይለቀማል። ኮላ ካጣችሁ የስንዴ ዱቄት በውኃ አፍልታችሁ ማጣበቂያ ሥሩ፤ ለወረቀትና ለካርቶን ይበቃል።

የውኃ ሃይላንድ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥብኛል። የልብስ መስቀያ ውሰዱና ሁለቱ ጫፎቹ ላይ ከሃይላንድ ቂጥ የተቆረጡ ሁለት ሳህኖች በክር አንጠልጥሉ። ሚዛን ሆነ። መመዘኛ ድንጋይ አያስፈልግም። ግማሽ ሊትር ውኃ ግማሽ ኪሎ ይመዝናልና በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ውኃ በአንዱ ወገን አድርጉ። በሌላው ወገን ተመሳሳይ ባዶ ሃይላንድ አስቀምጡ፤ የፕላስቲኩ ክብደት ተቻቻለ ማለት ነው። ከዚያ ሳህኑ ላይ ሽምብራ እየጨመራችሁ አስተካክሉ። ሚዛኑ ቀጥ ሲል ልጆቹ ግማሽ ኪሎ ሽምብራ በእጃቸው መዘኑ። መስቀያው እንዳይጎብጥ ጠንካራውን ምረጡ።

እጩዎቹን ግን በዕቃው አታስጀምሩ። «ካርቶን አለኝ፣ ምን ልሥራበት?» የሚል እጩ መጨረሻ ላይ ካርቶን ይዞ ይቀራል።

ታዲያ ከየት እንጀምር?

ልጁ ከሚሳሳትበት ቦታ። የእጩዎቹ የመጀመሪያ ሥራ መቀስ ማንሳት አይደለም። ወደ ልምምድ ትምህርት ቤቱ ሄደው የተማሪ ደብተር መመልከት ነው። 10 ደብተር ከፍቶ አንድ ዓይነት ስህተት ሦስት ጊዜ ያየ እጩ ምን መሥራት እንዳለበት ግማሹን ያውቃል።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። 42 ሲቀነስ 17። ብዙ የሁለተኛ ክፍል ልጆች 35 ብለው ይጽፋሉ። ሰንፈው አይደለም። ከ2 ላይ 7 እንደማይነሳ አይተው ገልብጠው ከ7 ላይ 2 ቀንሰዋል፤ ከዚያ ከ4 ላይ 1። በራሳቸው መንገድ አስበዋል። መምህሩ «ከጎን ተበደር!» ይላል። ልጁ ከማን እንደሚበደር፣ ለምን እንደሚበደር፣ የተበደረው 1 እንዴት 10 እንደሆነ አያውቅም።

አሁን ስንጥር አምጡ። አሥር አሥሩን በላስቲክ እሠሩ። 4 እስርና 2 ነጠላ ልጁ ፊት አስቀምጡ፤ 42 ነው። «17 ስጠኝ» በሉት። አንዱን እስር አንስቶ ይሰጣል። ከዚያ 7 ነጠላ ሲፈልግ ያለው 2 ብቻ ነው። እዚህ ጋ ዝም በሉ። አትርዱት። ልጁ እስሮቹን ያያል፣ እናንተን ያያል፣ እንደገና እስሮቹን ያያል። ከዚያ ቀስ ብሎ «ልፍታው?» ይላል። ላስቲኩን ሲፈታ 12 ነጠላ ይኖረዋል፤ 7 ይሰጣል፣ 5 ይቀራል። ሁለት እስርና አምስት ነጠላ፤ 25። «መበደር» የሚባለው ያ ላስቲክ የተፈታበት ቅጽበት ነው። እጩ መምህር ይህንን አንድ ጊዜ በዓይኑ ካየ መርጃ መሣሪያ ለምን እንደሚሠራ ሌላ ንግግር አያስፈልገውም።

«ፈጠራ የታከለበት» ሲባል ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር መሥራት አለብን ማለት ነው?

አይደለም፤ ይህ ቃል ብዙ እጩዎችን ያስፈራል። ለአንድ ችግር ሳይጠበቅ የተገኘ መላ ፈጠራ ነው፤ አሮጌ ነገር በአዲስ ቦታ ማዋልም ያው ነው።

የእኛው የኔታዎች ያደረጉትን ተመልከቱ። ልጅ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ ሲያወርደው ፊደሉን ለይቶት ይሁን በቃሉ ሸምድዶት አይታወቅም። ስለዚህ አቡጊዳን አመጡ። አ በግዕዝ፣ ቡ በካዕብ፣ ጊ በሣልስ፣ ዳ በራብዕ፣ ሄ በኃምስ፣ ው በሳድስ፣ ዞ በሳብዕ። ሰባት ፊደል፣ ሰባት ቤት። ዜማው ይፈርሳል፣ ልጁ እያንዳንዷን ፊደል ማየት ግድ ይሆንበታል። አዲስ ዕቃ አልተገዛም፤ ተራው ብቻ ተለወጠ። ይህንን ለእጩዎች ስነግራቸው ብዙዎቹ «እኔም እኮ በዚህ ነው የተማርኩት» ይላሉ፤ ለምን እንደተሠራ ግን አስበውት አያውቁም።

ገበጣም እንዲሁ ነው። ጉድጓድ በመሬት ላይ፣ ጠጠር በእጅ። ልጁ ከመዝራቱ በፊት «የመጨረሻዋ ጠጠር የት ትወድቃለች?» ብላችሁ ጠይቁት። ጨዋታው ሂሳብ ሆነ።

እጩዎቹን በአንድ ኮርስ ውስጥ እንዴት ላሠልጥናቸው?

የተለመደው አሠራር ይህ ነው፦ ሴሚስተሩ ሲጀመር «አንድ አንድ መርጃ መሣሪያ ሠርታችሁ አምጡ» ይባላል፣ መጨረሻ ላይ ኤግዚቢሽን ይደረጋል፣ ማርክ ይሰጣል፣ ዕቃው ክፍል ውስጥ ተቆልሎ አቧራ ይጠጣል። እጩው ሲሠራ ያየው የለም። ሠርቶት በልጅ ላይ የሞከረውም የለም።

እኔ ሥራውን በአራት ዙር ብትከፍሉት እላለሁ። መጀመሪያ ደብተር ማየት፣ ስህተቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ። ቀጥሎ ኮሌጁ ክፍል ውስጥ፣ ሁላችንም እያየን፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ በካርቶንና በእርሳስ ብቻ ሻካራውን፣ ማለትም የመጀመሪያ ሙከራውን፣ መሥራት። ቀለም ክልክል ነው። ቀለም የተቀባ ነገር ሰው ይሳሳለታል፤ ለማፍረስ እጁ አይሄድም። ሦስተኛው ዙር ሻካራውን ይዞ አምስት ስድስት ልጆች ጋ መቀመጥ ነው። አራተኛው እንደገና መሥራት። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጎን ለጎን ይቀርባሉ።

ሦስተኛውን ዙር በማይክሮ ቲቺንግ፣ ማለትም እጩው ጓደኞቹን እንደ ተማሪ አስቀምጦ በሚያደርገው የማስተማር ልምምድ፣ አትተኩት። ጓደኞቹ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆነው ተቀምጠው «ገባችሁ?» ሲላቸው በኅብረት «አዎ!» ይሉታል። መልሱን ቀድመው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ ነገ ደግሞ የእነሱ ተራ ነው። አንድ ጊዜ አንድ እጩ ሐሳቡ ጥሩ የሆነ የቃላት ካርድ ሠርቶ ሲያቀርብ ጓደኞቹ አጨበጨቡለት። ልጆቹ ጋ ስንሄድ ካርዱን ገልብጠው ያዙት። የትኛው ወገን ላይ እንደሆነ የሚያሳይ ምልክት አልነበረውም። በማግሥቱ አንዷን ጥግ በመቀስ ቀንጥቦ መጣ። በቃ፣ ተስተካከለ።

በክፍሌ 70 ልጅ አለ። ለ70 ልጅ መርጃ መሣሪያ እንዴት ይደርሳል?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ትልቅ አድርጎ ለሁሉ ማሳየት ነው። የጽሑፉ ቁመት ቢያንስ አራት ጣት ያህል ይሁን፤ ከዚያ እጩው ራሱ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ሄዶ ይቀመጥ። ካላነበበው ልጁም አያነበውም። ቀጭን ማርከርና ቢጫ ቀለም ከኋላ አይታዩም።

ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ ትንሽ አድርጎ ማብዛት ነው። ስንጥሩን ልጆቹ ራሳቸው ከቤት ያመጣሉ፤ ሲያስሩትም እየቆጠሩ ነው። በዴስክ አንድ ጥቅል፣ በአሮጌ የስኳር ከረጢት ውስጥ፣ ቁጥር ተጽፎበት። የዴስኩ ተጠሪ ይቀበላል፣ ይመልሳል። ማደሉና መሰብሰቡ መጀመሪያ ላይ 10 ደቂቃ ይበላል። ከሳምንት በኋላ ወደ ሁለት ደቂቃ ይወርዳል። እጩዎች በመጀመሪያው ቀን ትርምስ ደንግጠው እንዳይተዉት ይህንን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ላብራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ሳይንስ እንዴት ይሆናል?

ከርከዴ ግዙ። አንድ እፍኝ ሞቅ ባለ ውኃ ዘፍዝፉ፣ ቀዩን ውኃ አጥልሉ። ነጭ ወረቀት ነክራችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁና በቀጭኑ ቆራርጡት። ሎሚ ሲነካው ቀይነቱ ይደምቃል። በውኃ ቀጥኖ በጨርቅ የተጠለለ የአመድ ውኃ ሲነካው ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። አሲድና ቤዝ በቃ ይኸው። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ሳሙና፣ ኮምጣጤ፣ እርጎ ይዘው ይመጣሉ፤ «ይሄስ?» እያሉ። ልጅ «ይሄስ?» ማለት ሲጀምር ሳይንስ ተጀመረ።

ተክል እንዴት እንደሚበቅል ለማሳየት ባቄላን በሃይላንድ ጎንና በእርጥብ ጨርቅ መካከል አስቀምጡ። ሥሩ ወዴት እንደሚወርድ በየቀኑ ይታያል። ሃይላንዱን በጎኑ ብታጋድሙት ከጥቂት ቀን በኋላ ሥሩ ወደ ታች ይታጠፋል።

ምን ዓይነት ዕቃ እንከልክል?

ያገለገለ መርፌና ሲሪንጅ በፍጹም። «ታጥቧል» ቢሏችሁም። የተሰበረ ጠርሙስ፣ የቆርቆሮ ስለት፣ የመኪና ባትሪ፣ የኬሚካልና የመድኃኒት ዕቃም እንዲሁ። ማዳበሪያው ውስጡ የነበረው ኬሚካል ስለሆነ በደንብ ይታጠብ። ለኤሌክትሪክ ትምህርት የሬዲዮ ድንጋይና ትንሽ አምፖል በቂ ነው፤ ከሶኬት ጋር የሚገናኝ ሥራ ለእጩም ለልጅም አይሆንም። ለአፀደ ሕፃናትና ለ0 ክፍል ደግሞ አፍ ውስጥ የሚገባ ትንንሽ ነገር አይሰጥ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ በተለይ አደገኛ ነው።

ማየት የተሳነው ልጅ ክፍሌ ውስጥ አለ። ለእሱ ለብቻው ልሥራ?

ከቻላችሁ ለብቻው አትሥሩ፤ ለሁሉም የሚሆን ሥሩ። ቅርጾችን በካርቶን ላይ በገመድ አጥሩና ለጥፉ። የሚያየው በዓይኑ፣ የማያየው በጣቱ ይከተለዋል። የማያየው ልጅ ጓደኛውን ሲያስረዳ ብዙ ጊዜ ታያላችሁ።

ብሬልን ለማስተዋወቅ የእንቁላል ትሪ ይበቃል። ከትሪው ላይ በወርድ ሁለት፣ በቁመት ሦስት ጉድጓድ ያለው ቁራጭ ቆርጣችሁ አውጡ። የብሬል አንድ ሕዋስ ስድስት ነጥብ ነው፤ ይኸው ስድስት ጉድጓድ። ሎሚ ወይም የጨርቅ ኳስ የገባበት ነጥብ አለው፣ ባዶው የለውም። የሚያዩት ልጆችም ስማቸውን በሎሚ ለመጻፍ ይሻማሉ። እጩው ከመሥራቱ በፊት ግን ልጁን ራሱን ይጠይቀው። በዓይኑ ትንሽ የሚያይ ልጅ የሚፈልገው ምናልባት ወፍራም ጥቁር መስመርና የፊት ወንበር ብቻ ነው።

እጩዎች ከከተማ አሠርተው ወይም ገዝተው ያመጣሉ። ማርክ እንዴት ልስጥ?

ይህንን የምናመጣው እኛ ነን። ለውበት ማርክ ከሰጠን ውበት ይገዛል። ብር ያለው ከቀለም ቀቢ ያሠራል፤ የሌለው በእርሳስ የሠራውን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። አንዲት እጩ ለአንድ ሞዴል የወሩን የኪስ ገንዘቧን ከፍላ እንዳሠራች ስትነግረኝ አፈርኩ። ሞዴሉ እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቃት አልመለሰችልኝም።

ከ20 ማርክ ለውበት ዜሮ ስጡ። ማርኩን ስህተቱን ለይቶ ለመጻፉ፣ ይዘቱ ትክክል ለመሆኑ፣ ልጆች ላይ ሲሞክረው ያየውን ለመዘገቡና ከዚያ በኋላ ለለወጠው ነገር አከፋፍሉት። የሻካራው ሥራ ክፍል ውስጥ ይሠራ ያልኩትም ለዚህ ነው። «ምን ለወጥክ? ለምን?» የሚለውን ጥያቄ የገዛ ሰው ሊመልሰው አይችልም።

ስልክና ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እያለ በካርቶን መድከም ምን ያደርጋል?

ስልክ ጥሩ መርጃ መሣሪያ ነው። የልብ ትርታ ድምፅ፣ የእሳተ ገሞራ ቪዲዮ፣ የሌላ አካባቢ ዘፈን በካርቶን አይሠራም። የአሜሪካው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸው ፌት (PhET) የተባሉ የሳይንስና የሂሳብ ማስመሰያዎችም በነጻ ይገኛሉ፣ አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ግን በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባውን ፕላዝማ፣ ማለትም የቴሌቪዥን ትምህርት፣ አስታውሱ። በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይነጉድ ነበር። ልጅ እጁን ቢያወጣ አይቆምለትም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ለእጩዎች የምሰጣቸው መመዘኛ አንድ ነው፦ መምህሩ ልጁ ሲጠይቅ ሊያቆመው ይችላል ወይ?

ኤአይ ሐሳብ ለማመንጨት ይረዳል። ስዕል ሲሥል ግን የአማርኛ ፊደል ብዙ ጊዜ ያበላሻል፤ የሌለ ፊደል ይፈጥራል። ካርታም ያዛባል። ፊደል ገና ለሚለይ ልጅ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ በአንድ ፈትሹ።

ልምምድ ላይ ነባሩ መምህር «ጊዜ ማባከን ነው፣ ይዘት ይሸፈን» ቢለኝስ?

አትከራከሩት። ምዕራፍ እንዲጨርስ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ጭንቀቱ እውነት ነው። «ጋሼ፣ ልጆቹ በጣም የሚቸገሩበትን ርእስ ይንገሩኝ፣ ለእሱ አንድ ነገር ልሞክር» በሉት። ሰባት ደቂቃ ብቻ ጠይቁ። ከሠራ ዕቃውን እዚያው ተዉለት፣ መርጃ መሣሪያ በሚቀመጥበት ማበልጸጊያ ማዕከል ውስጥ እንዳይቆለፍበት ክፍሉ ውስጥ አኑሩት።

ሰው ካነበበው 10 በመቶ፣ ካየው 30 በመቶ፣ ከሠራው 90 በመቶ ያስታውሳል ይባላል። እጩዎቹ ይህንን እንዲጽፉ ላድርግ?

አታድርጉ። ይህ ቁጥር በየሞጁሉና በየስላይዱ የአሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ የኤድጋር ዴል እየተባለ ይጠቀሳል። ዴል በ1946 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «የልምድ ሾጣጣ» የሚባለው ሥዕላዊ መግለጫ ላይ ግን አንድም መቶኛ የለም። ቁጥሮቹ በኋላ በሌሎች የተለጠፉ ናቸው፤ ከኋላቸው ጥናት የለም።

ለእጩ የሚጠቅመው የሥነ ልቦና ሊቁ የጀሮም ብሩነር ሐሳብ ነው። ልጅ አንድን ነገር በእጁ ሥራ፣ ከዚያ በምስል፣ ከዚያ በምልክት ይይዘዋል። ስንጥሩ፣ ቀጥሎ ደብተር ላይ የተሣለው እስር፣ ቀጥሎ 42 − 17።

መርጃ መሣሪያው ራሱ ልጁን ሊያሳስተው ይችላል?

ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ይሆናል። የካርቶን ሰዓት ውሰዱ። ሁለቱ ዘንጎች ለየብቻቸው ይዞራሉ። እጩው «ሦስት ሰዓት ተኩል» ብሎ አጭሩን ዘንግ 3 ላይ፣ ረጅሙን 6 ላይ ያደርጋል። በእውነተኛ ሰዓት ላይ አጭሩ ዘንግ በ3 እና በ4 መካከል ነው። ልጁ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሲያይ ግራ ይገባዋል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ከሃይላንድና ከፊኛ የሚሠራው የሳንባ ሞዴልም ቆንጆ ነው፤ ከታች የተወጠረውን ላስቲክ ስትስቡት ፊኛው ይነፋል። ሃይላንዱ ግን አይሰፋም፤ የእኛ ደረት ይሰፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ እጩ ከዕቃው ጀርባ ላይ አንድ መስመር እንዲጽፍ አድርጉ፦ «ይህ ሞዴል ከእውነቱ የሚለየው በዚህ ነው።» ልጆቹንም ይጠይቃቸው። ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው ሲተነፍሱ ልዩነቱን ራሳቸው ያገኙታል።

መርጃ መሣሪያውን መቼ ነው የምናነሳው?

ይህንን የሚጠይቅ እጩ ጥቂት ነው፤ ሲጠይቅ ደስ ይለኛል። ስንጥር ሳይዝ መቀነስ የማይችል ልጅ ገና በመንገድ ላይ ነው። ቶሎ ከነጠቅነው ይወድቃል፣ ዘላለም ከሰጠነው ይደገፍበታል። ቀኑን የሚነግረን መጽሐፉ አይደለም፣ የልጁ እጅ ነው። መጀመሪያ እየፈታ ይቆጥራል። ቀጥሎ ከረጢቱን አጠገቡ አስቀምጦ አይከፍተውም። አንድ ቀን ከረጢቱ ቤት ቀርቶ ይመጣል። 53 ሲቀነስ 28 ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ዴስኩ ላይ በሁለት ጣቶቹ የሌለ ላስቲክ ሲፈታ ታዩታላችሁ። ከዚያ 25 ብሎ ይጽፋል።